በእንቁላሉ ጊዜ የት ነበርን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ወር በአባላት ክርክር ላይ «የከተማ ወንጀል እንዲበዛ ወይም እንዲቀንስ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚል ርእስ ቀርቦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ርእሱ እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት እኅታችን ከሠርክ ጉባኤ ስትመለስ ሞባይሏን ተነጥቃ፣ ስትወድቅም እጇ ተሰብሮ ነበር። ነጣቂው ሲያዝ ግን ባዕድ ሰው ሆኖ አልተገኘም። ከሦስት ዓመት በፊት ከእኛው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የተማረ፣ ከበሮ ሲመታ ሁላችንም ቆመን የምናደንቀው ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ክርክሩ እንደምታስታውሱት በጣም የጋለ ነበር። አንደኛው ወገን «የወንጀል ምክንያቱ ረኃብና ሥራ ማጣት ነው፤ ሆዱ የጎደለ ሰው ሕግ አይታየውም» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ድኻ ሁሉ ይሰርቃልን? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ተብሎ የለምን? ምክንያቱ ፈሪሃ እግዚአብሔር መጥፋቱና ሕግ መላላቱ ነው» ሲል መለሰ። በመጨረሻም አንድ ወንድማችን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀውን ተረት አነሣ፤ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ፣ አድጎ በሬ ሰርቆ ሞት ሲፈረድበት «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለውን። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ።

እኔ ግን አላጨበጨብሁም። ለምን እንዳላጨበጨብሁ ወደ ኋላ እናገራለሁ። መምህራችን በዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ «ልጄ፣ ስለዚህ ነገር የተማርኸውን ጻፍልን» ስላሉኝ፣ አስቀድሜ የተማርሁትን፣ ከዚያም ያልተማርሁትን ነገር ግን ማወቅ የነበረብኝን አቀርባለሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያ የድህነትን ወገን እንመርምር። ወንጀል በብዛት የሚታየው ድኾች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች መሆኑን፣ የወንጀል ጉዳትም አብዝቶ የሚወድቀው በድኾች ላይ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የእኛ ጥያቄ ወንጀል የት እንደሚበዛ ሳይሆን ስለ ምን ከፍና ዝቅ እንደሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጥናት የተደረገባት አገር አሜሪካ ስለሆነች ምሳሌዎቼን ከዚያ አመጣለሁ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሀብት እያደገ፣ ሥራም እንደ ልብ እየተገኘ ሳለ ወንጀል በፍጥነት ጨመረ። በአንጻሩ በ2008 እ.ኤ.አ. ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ደርሶ ሚሊዮኖች ከሥራ በተፈናቀሉ ጊዜ፣ ብዙዎች ወንጀል ይብሳል ብለው ሲጠብቁ እርሱ መቀነሱን ቀጠለ። ስለዚህ ድህነት ሰውን ይጎዳል፣ ያስጨንቃል፣ ለፈተናም ያጋልጣል፤ ብቻውን ግን የወንጀልን መውጣትና መውረድ ሊያስረዳን አይችልም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 የሰዶምን ኀጢአት ሲዘረዝር የነዋሪዎቿን ማጣት አይደለም የሚያነሣው፤ እንጀራ ጠግበው፣ ታብየውና ተዘልለው ሲኖሩ የድኻውን እጅ አለመያዛቸውን ነው። በከተማይቱ ላይ የተመዘገበው ዕዳ የተራበው ሰው ረኃብ ሳይሆን የጠገበው ሰው ዝምታ ነበር።

ሁለተኛውን ወገን ደግሞ እንመልከት። ይህኛው እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ደስ ስለሚያሰኘን ይበልጥ ልንጠነቀቅበት ይገባል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት እንደሚያሳየው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ከመቶ አሜሪካውያን 70ው የአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ምኵራብ ወይም መስጊድ አባል ነን ይሉ ነበር፤ በ2020 ግን ይህ ቁጥር ወደ 47 ወረደ። የሃይማኖት አባልነት እንዲህ እያሽቆለቆለ በነበረበት ዘመን ግድያ በአብዛኛው ዝቅ ብሎ ቆየ። በ1991 እ.ኤ.አ. ከ100,000 ሰው ወደ 10 የሚጠጋው በዓመት ይገደል የነበረ ሲሆን፣ በ2014 ከ5 በታች ሆኖ ነበር። ታዲያ ሃይማኖት ከንቱ ነው ልንል ነውን? ሐሰ! ነገር ግን «ሰዎች ስላላመኑ ነው» ብለን እጃችንን ታጥበን እንዳንቀመጥ ይህ ቁጥር ያስጠነቅቀናል። በመዝገብ የተጻፈ አባልነት አንድን ከተማ አይጠብቅም።

ሦስተኛው ክርክር የሕግና የፖሊስ ነው። በኒውዮርክ ከተማ በ1990 እ.ኤ.አ. 2,245 ሰዎች ተገድለው ነበር። በ1998 ይህ ቁጥር ከ700 በታች ወረደ። ስለ ምን? አንዳንዶች የፖሊስ ቁጥር ስለ ጨመረ ይላሉ። ሌሎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖሊስ አዛዦች ወንጀል የት እንደ ተፈጸመ በካርታ እያመለከቱ ስለ ሰፈራቸው በየጊዜው መልስ እንዲሰጡ ስለ ተደረገ ነው ይላሉ። ሌሎችም ክራክ የተባለው ርካሽ የኮኬይን ዓይነት ያስነሣው የሽያጭ ጦርነት ስለ በረደ፣ ሥራ ስለ ተገኘ፣ ብዙ ሰው ስለ ታሰረ፣ እንዲያውም አንጎልን የሚጎዳው እርሳስ ከቤንዚን ስለ ወጣ ነው ብለው ይከራከራሉ። ፖሊስ እምብዛም ባልጨመረባት በሳንዲያጎም ወንጀል በዚያው ዘመን መቀነሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። ኋላም የኒውዮርክ ፖሊሶች በመንገድ የሚያልፈውን ወጣት እያስቆሙ መፈተሽን አበዙ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ685,000 ጊዜ በላይ አስቁመዋል። በ2013 አንዲት ዳኛ አፈጻጸሙ ሕገ መንግሥትን የሚጥስ ነው ብለው ፈረዱ። በ2015 ፍተሻው ከ25,000 በታች ሲሆን፣ ብዙዎች እንደ ፈሩት ግድያ አልጨመረም፤ በ2011 ከነበረበት 515 ወደ 352 ወረደ። ሕግና ጠባቂ ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ማንንም ሳይለይ ሁሉን መጠራጠር ጥበቃ አይደለም።

እንግዲህ ሦስቱም ወገኖች የእውነት ቁራጭ ይዘዋል፤ አንዳቸውም ግን ሙሉውን አልያዙም። እኔም ይህን ሁሉ አንብቤ ልቤ ሳያርፍ ሳለ ነው ስለ ቦስተን ከተማ ያነበብሁት።

ቦስተን በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የምትገኝ፣ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉባት ከተማ ናት። በ1990 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ 152 ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። በ1992 ግንቦት ወር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጥይት የተገደለ ወጣት ጸሎተ ፍትሐት እየተደረገ ሳለ፣ የተቃራኒ ቡድን ልጆች ጥሰው ገብተው በለቀስተኛው ፊት አንዱን ወጣት ደብድበው በጩቤ ወጉት። እስከዚያን ቀን ድረስ ብዙ አገልጋዮች ስለ ወንጀል ሰብከዋል፤ ቀብር አስፈጽመዋል፤ ያዘኑትን አጽናንተዋል። ነገር ግን ወንጀሉ የመቅደሱን ደፍ በተሻገረ ጊዜ፣ እነርሱ ወደ እርሱ ስላልሄዱ እርሱ ወደ እነርሱ እንደ መጣ ገባቸው። ከእነዚህም ጄፍሪ ብራውን፣ ዩጂን ሪቨርስና ሬይ ሐሞንድ የተባሉት ሰባክያን ከሌሎች ጋር ሆነው በዚያው ዓመት የአሥር ነጥብ ኅብረት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

ሥራቸው ምን ነበር? ዓርብ ሌሊት፣ ምእመናን ሁሉ ቤታቸውን ዘግተው በሚተኙበት ሰዓት፣ ወጣቶቹ ወደሚሰበሰቡበት የመንገድ ማእዘን እየሄዱ መመላለስ ነበር። በመጀመሪያ ወጣቶቹ ፊት ነሷቸው፤ ተጠራጠሯቸው። እነርሱ ግን በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ሳይሰብኩ አስቀድመው አደመጡ። ከነዚህ ሰባክያን ለአንደኛው አንድ ዕፅ ሻጭ ነገሩን ጠቅልሎ እንዳስረዳው ይነገራል፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲላክ፣ በመንገድ ላይ የሚያገኘው እኔን ነው፤ አንተ ግን በዚያ የለህም፤ ስለዚህ እኔ አሸንፋለሁ፣ አንተ ትሸነፋለህ። ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህ የአንድ ዕፅ ሻጭ ንግግር ልቤን ወግቶታል።

በሌላ በኩል የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከፖሊስ ጋር ሆነው ነገሩን ሲመረምሩ፣ ቢያንስ ከመቶ 60 በሚሆነው የወጣቶች ግድያ እጃቸው ያለበት ከከተማይቱ ወጣቶች ከመቶ አንድ የማይሞሉ የቡድን አባላት መሆናቸውን አገኙ። አስተውሉ! አንድ ሙሉ ትውልድ አልጠፋም፤ በስም ሊቈጠሩ የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. ፖሊሶች፣ የአመክሮ ሠራተኞች፣ ማኅበራዊ ሠራተኞችና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እነዚህን ወጣቶች ፊት ለፊት እየጠሩ በአንድ ድምፅ ይነግሯቸው ጀመር፦ ግድያው ካልቆመ ሕግ በመላው ቡድን ላይ ይጠብቃል፤ ከዚህ ሕይወት መውጣት የሚፈልግ ካለ ደግሞ የሚረዳችሁ ይኸው። በ1999 በከተማይቱ የተገደሉት ሰዎች 31 ብቻ ሆኑ።

እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን በመላው አሜሪካ ወንጀል ስለ ቀነሰ የቦስተንም በራሱ ጊዜ ይቀንስ ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ የሆነውን ተመልከቱ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ የጋራው ሥራ ላላ፤ በ2001 የተገደሉት ሰዎች እንደገና ከ60 በላይ ሆኑ። ሥራው ከዓመታት በኋላ ታድሶ ቀጠለ። በ2024 እ.ኤ.አ. በቦስተን የተገደሉት 24 ናቸው፤ ይህም ከ1957 ወዲህ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። እንግዲህ ሰላም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሐውልት ሳይሆን፣ በየቀኑ ዘይት የሚሻ መብራት ነው።

ሌላም ምስክር ልጨምር። ፓትሪክ ሻርኪ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 264 የአሜሪካ ከተሞችን ከ20 ዓመታት በላይ ተከታትሎ፣ 100,000 ሕዝብ ባለበት ከተማ ወንጀልን ለመቀነስና የሰፈርን ኑሮ ለማሻሻል የሚሠሩ 10 ተጨማሪ የሕዝብ ማኅበራት ሲቋቋሙ ግድያ በ9 ከመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እነዚህ ማኅበራት ምን ዓይነት ናቸው? ወጣቱን ከትምህርት በኋላ የሚሰበስቡ፣ ባዶ ቦታ የሚያጸዱ፣ ሥራ የሚያፈላልጉ፣ ከእስር የወጣውን የሚቀበሉ ናቸው።

«እነዚያ የቦስተን ሰዎች በእምነት ከእኛ የተለዩ ናቸው፤ ምን አገናኘን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሊያስተምር በወደደ ጊዜ ምሳሌውን ያመጣው ከሳምራዊ መሆኑን እናስታውስ (ሉቃ. 10፥30-37)። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ወንበዴዎች አንድ ሰው ደብድበው ጥለው ሄዱ። ወንበዴዎቹን ወንበዴ ያደረጋቸው ምን እንደ ሆነ ጌታ አልተናገረም። የተናገረው አይተው ስላለፉት ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው ነው። ምናልባት እነዚያ ሁለቱ በቤታቸው ሲደርሱ ስለ መንገዱ ወንጀል መብዛት ሰፊ ክርክር አድርገው ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ እመለሳለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሰንበት ት/ቤታችንን የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ደንባችን ሦስት ሳምንት በተከታታይ ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰረዝ የሚል ነበር። ያ ልጅ ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። እኔም በማስመሪያ አስተካክዬ በቀይ እስክርቢቶ ስሙን ሰረዝሁ። የት ሄደ? ታመመ? አልጠየቅሁም፤ ደንቡ ጠይቅ አይልም ነበርና። ከወራት በኋላ ነጠላውን ለብሶ ተመልሶ መጣ። መዝገቡን አየሁና «ስምህ የለም፤ ሥነ ሥርዓት ክፍል አነጋግር» አልሁት። ጥቂት ቆሞ ሄደ። ደግሞም አልተመለሰም።

ስለ እንቁላሉ ሲጨበጨብ ያላጨበጨብሁት ስለዚህ ነው።

ከክርክሩ በኋላ ከአንዲት እኅት ጋር ሆነን የልጁን እናት ፍለጋ ሄድን። ጉሊት ነው የሚነግዱት፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ደርድረው ተቀምጠው አገኘናቸው። ከሰንበት ት/ቤት መምጣታችንን ስንነግራቸው ተነሥተው ሳሙን። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ጨርሶ ከእናንተ ጋር ያለ ይመስለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ነጠላውን አጥቤ አለብሰው ነበር። እናንተ ዘንድ ካለ ምን ይሆናል ብዬ አርፌ ነበር» አሉን። አባቱ የሞተባቸው በዚያው ዓመት ኖሯል። ልጁ ትምህርቱን ትቶ የታክሲ ረዳት ሆኖ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ገበያ የሚገኝበት ቀን ነው። ኋላም ያ ሥራ ሲቀርበት እናቱ እንዳያውቁበት ነጠላውን ለብሶ ይወጣና መንገድ ላይ ይውል ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ የሚጠብቁት ነበሩ።

ወገኖቼ፣ ይህን አስቡት። በዚያች ከተማ ክፍል ውስጥ ያ ልጅ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረ በጽሑፍ የሚያውቅ አንድ መዝገብ ብቻ ነበር፤ እርሱም በእኔ እጅ ነበር። እናትየው በእንቁላሉ ጊዜ ያልቀጡት ስላላወቁ ነው። እኛ ግን አውቀን ነበር፤ ያወቅነውንም ለመሰረዝ ተጠቀምንበት።

ጌታችን መቶ በጎች ስላሉት ሰው ሲያስተምር (ሉቃ. 15፥4) እረኛው አንዷ መጥፋቷን ያወቀው ስለ ቈጠረ ነው። እኛም ቈጥረናል። ልዩነቱ ግን እረኛው የቈጠረው ለመፈለግ ሲሆን፣ እኛ የቈጠርነው መዝገባችን ንጹሕ እንዲሆን መሆኑ ነው። ቃየልም ወንድሙ የት እንዳለ ሲጠየቅ እኔ ጠባቂው ነኝን ብሎ መለሰ (ዘፍ. 4፥9)። ይኸው ቃየል መጽሐፍ እንደሚነግረን የመጀመሪያውን ከተማ የሠራ ሰው ነው (ዘፍ. 4፥17)። ከተማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል።

ይህን ስል ልጁ ያደረገውን ላቃልል አይደለም። የእኅታችን እጅ ገና በጄሶ ነው፤ እርስዋም ማታ ብቻዋን መሄድ ትፈራለች። እርሱ ለሠራው በሕግ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን የእርሱ ጥፋት የእኛን አይሰርዝም፤ የእኛም ጥፋት የእርሱን አይሰርዝም። ሁለቱም በየመዝገባቸው ይጠየቃሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራ መፍጠርና ሕግ ማስከበር የመንግሥትና የኅብረተሰቡ ሁሉ ድርሻ ነው፤ እኛም በሙያችን የምናግዝበት ቀን ይመጣል። ዛሬ በእጃችን ያለው ግን ይህ ነው። አንደኛ፣ በስም መቆጣጠሪያው ላይ «ቀረ» ከሚለው አጠገብ «ማን ጠየቀው?» የሚል ረድፍ ይጨመር፤ ያ ረድፍ ሳይሞላ ማንም አይሰረዝ። ሁለተኛ፣ አንድ አባል ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀር ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ይሂዱ፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ። ሦስተኛ፣ እሑድ የሚሠሩ ረዳቶች፣ ሊስትሮዎችና ተሸካሚዎች የሚማሩበት የማታ መርሐ ግብር ይከፈት። አራተኛ፣ የታሰሩትን በየወሩ እንጠይቅ፤ ጌታ በማቴ. 25፥36 ከሚጠይቀን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽነቱ ግን በጊዜው ከሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁን በታሰረበት ጠይቀነው ነበር። ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ሄጄ ቃሉ ጕሮሮዬ ላይ ቀረ፤ እርሱም መሬት መሬት ያይ ነበር። ስለ እኅታችን እጅ ጠየቀ፤ እንደሚድን ነገርነው። ልንሄድ ስንነሣ «ከበሮውን አሁን ማን ነው የሚመታው?» አለ።

መልስ አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው ጕብኝት ይቅርታዬንም መልሱንም ይዤ እሄዳለሁ። ከእኔ ጋር የሚሄድ አንድ ሰው ያስፈልገኛል፤ ፈቃደኛ የሆነ ከእሑድ ትምህርት በኋላ ያነጋግረኝ።

የጠፋውን ሊፈልግ የመጣው አምላክ እኛንም ፈላጊዎች ያድርገን፤ ለከተማችን ሰላምን፣ ለታሰሩት መፈታትን፣ ለተጎዱት ፈውስን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።